የጉንደ ወይን ሠርግ ለጡረታ ይታሰብ አይታሰብ

የቢቸናና የሞታ አካባቢ የቀድሞ ተጠባባቂ ወታደሮች የጡረታ አጣሪ ኮሚቴ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ጥር 20 ቀን 1973 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቢቸና፣ የቀበሌው አዳራሽ፣ ፀሐይ በሚገባበት በኩል
ሰዓት፦ ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. ጓድ ስማቸው፣ ሰብሳቢ፤ የቀድሞ አሥር አለቃ
2. ጓድ መሪጌታ ወልደ ኪዳን፣ አባል፤ የጦሩ ጸሎት አድራሽ የነበሩ («ጓድ» መባሉን እንዳልወደዱት ይመዝገብልኝ ብለዋል)
3. ጓድ ፋንታ፣ አባል፤ ተራ ወታደር የነበሩ
4. ጓድ ሣህለ ማርያም፣ አባል፤ ከሞታ መዝገብ ይዘው የመጡ
5. አምሳለች፣ ጸሐፊ፤ የሰብሳቢው የልጅ ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፤ ድምፅ የላትም።

ባለጉዳይ፦ አቶ ቢሆነኝ፣ የቀድሞ ተጠባባቂ ወታደር

ማንም ስላልቀረ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ወደ አጀንዳው ከመገባቱ በፊት ጸሐፊዋ ኅሊናዋ ስላላስቻላት የሚከተለውን ትናዘዛለች። ለተሰብሳቢዎች ከተዘጋጀው የሽምብራ ቆሎ ሁለት እፍኝ ያህል ቀንሳለች። ዕለቱ ረቡዕ በመሆኑ ሽማግሎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም፤ ስለዚህ ጉድለቱ እስካሁን አልታወቀም።

አጀንዳ 1፦ መመሪያውን ስለ መስማት

ሰብሳቢው ከክፍለ ሀገር የመጣውን መመሪያ አነበቡ። እያረሰ በየወሩ ለልምምድ ብቻ ይጠራ የነበረ ተጠባባቂ ጡረታ የሚያገኘው፣ በሙሉ ግዳጅ ላይ የዋለባቸው ቀናት ተደምረው ሁለት ዓመት ሲሞሉ ነው። ግዳጅ ማለትም በአዛዥ ሥር ሆኖ፣ መሣሪያ ይዞ፣ ተኩስ ባለበት ቦታ መዋል ነው።

ጓድ ፋንታ የወር ልምምዱም እንዲቆጠር ጠየቁ። «በባዶ ሆድ ፀሐይ ላይ መገተር ከኦጋዴን በምን ያንሳል?» አሉ። ሰብሳቢው፣ ፋንታ በልምምድ ቀን ከዋርካው ጥላ ወጥተው እንደማያውቁ ስላስታወሱ ጥያቄው ውድቅ ሆነ።

አጀንዳ 2፦ የአቶ ቢሆነኝ አቤቱታ

አቶ ቢሆነኝ ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላለ ሞፈር መያዝ እንዳቃታቸው፣ ይህ ጡረታ ካልተፈቀደላቸው መጪውን ክረምት በምን እንደሚያልፉት እንደማያውቁ አመለከቱ። የሞታው መዝገብ ሲታይ ግን ከሁለት ዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ይጎድላቸዋል። ይኸውም በ1956 ዓ.ም. ጦሩ ሞታ ላይ እንዲሰበሰብ ታዝዞ ከቢቸና ከተነሣ በኋላ፣ ሞታ እስኪገባ ድረስ የጠፋው ጊዜ ነው።

ጓድ ሣህለ ማርያም የሦስት ቀን መንገድ እንዴት አሥራ አንድ ቀን ሊፈጅ ቻለ ሲሉ ጠየቁ።  መሪጌታ፣ «ልጄ፣ ጉንደ ወይን ላይ ሠርግ አጋጠመን» ሲሉ መለሱ።

ነገሩ ሲጣራ ሰብሳቢው፣ መሪጌታና ጓድ ፋንታም ከዚያው ሠርግ የነበሩ ሆነው ተገኙ። የሦስቱም መዝገብ በዚያው አሥራ አንድ ቀን ይጎድላል። ከዚህ በኋላ የአባላቱ ተሳትፎ እጅግ ጨመረ።

ጓድ ፋንታ ሠርጉ መመሪያውን አሟልቶ እንደሚገኝ አስረዱ። መሣሪያ ተይዟል፤ ሙሽራው ሲገባ ተተኩሷል፤ አዛዡም በቦታው ነበሩ። ጓድ ሣህለ ማርያም፣ አዛዡ ሠርጉ የፈጀውን ስምንቱንም ቀን ነበሩ ወይ ሲሉ ጠየቁ።

«ሰባቱን ቀን ነበሩ» አሉ ጓድ ፋንታ። «በስምንተኛው ሥጋቸው ነበር።»

አዛዡ የዛሬው ሰብሳቢ ስለሆኑ ይህ እንዳይመዘገብ አዘዋል።

ጠላት ማን ነበር ተብለው ሲጠየቁ ጓድ ፋንታ፣ «ሰንጋው ነዋ። ገመዱን በጥሶ ዳሱን ሁለት ጊዜ አጥቅቷል» አሉ። መሪጌታም ሰንጋው ቀንዳም ስለነበር ያልታጠቀ ነው ሊባል እንደማይችል አከሉ።

ጓድ ሣህለ ማርያም፣ «አባቶቼ፣ ይህን ለክፍለ ሀገር ብጽፍ ጡረታ የምወጣው እኔ ነኝ» አሉ። ጓድ ፋንታ፣ «ታድለህ፤ እኛ ስንት ጊዜ ደጅ የጠናንበትን» ሲሉ መለሱላቸው።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ስምንቱ የሠርግ ቀን ከሦስቱ የመንገድ ቀን ጋር «የጉንደ ወይን ግዳጅ» ተብሎ እንዲታሰብ፣ አቶ ቢሆነኝና ሦስቱ አባላት ጡረታ እንዲገባቸው፣ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ጸሐፊዋ እጇን አውጥታ ነበር፤ አውርጂ ተብላ አወረደች።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ጓድ ሣህለ ማርያም እንኳን ደስ ያላችሁ ካሉ በኋላ ከቦርሳቸው የመመሪያውን ሁለተኛ ገጽ አወጡ። ለቢቸና የደረሰው አንደኛው ገጽ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ገጽ፣ ጡረታ የተፈቀደለት ተጠባባቂ ከጦሩ ተቀብሎ ቤቱ ያስቀመጠውን ጠመንጃ በዚያው ዕለት ያስረክባል ይላል።

ገጹ ሦስት ጊዜ እንዲነበብ ተጠየቀ፤ ሦስት ጊዜ ተነበበ።

ጓድ ፋንታ በዚያ ወቅት ጆሯቸውን ያማቸው ስለነበር ተኩስ ሰማሁ ማለት እንደሚያስቸግራቸው ገለጹ። መሪጌታ በሐሰት መመስከር ኃጢአት መሆኑን ለጉባኤው አሳሰቡ፤ ሰንጋውም የዋህ እንስሳ እንደነበር መሰከሩ። ሰብሳቢው፣ «ያለ ጠመንጃ ለቅሶ ብደርስ የሞተው እኔ እመስላለሁ» አሉ፤ ቀጥሎም ስምንቱንም ቀን ሰክረው እንደነበርና ምንም እንዳላዘዙ በጉልህ እንዲጻፍ አዘዙ። በጉልህ ተጽፏል።

በዚህ መካከል የአቶ ቢሆነኝ ባለቤት ወይዘሮ የሺእመቤት ገቡ። ቤታቸው ከአዳራሹ ጀርባ ነው፤ ባላቸው በመስኮት ጠርተው ልከዋቸው ኖሯል። በጆንያ የተጠቀለለ ጠመንጃ ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ጓድ ፋንታ፣ «አንቺ፣ የወንድ ልጅ ጠመንጃ እንዲህ እንደ ማገዶ ይወረወራል?» አሉ።

«አያ ፋንታ፣ ከእኛ ቤት ሥራው በር መደገፍ ነው» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት። «ለበሩስ ድንጋይ አላጣም።»

አቶ ቢሆነኝ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ቃታው ከወለቀ ስድስት ዓመቱ» አሉ። «ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፤ እኔም ልከተለው።»

ሰብሳቢው ዕቃው ወደ ቤቱ ይመለስ እያሉ ሳለ፣ ጓድ ሣህለ ማርያም የጠመንጃውን ቁጥር መዝግበው የመረከቢያ ደረሰኝ ቆርጠው ሰጡ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነበር።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ የጉንደ ወይን ግዳጅ ወደ ሠርግነቱ እንዲመለስ፣ ጡረታ የተፈቀደላቸውም ተጠባባቂ ሆነው እንዲቀጥሉ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ውሳኔው ከዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ጀምሮ የጸና ነው። ከዚያ በፊት መሣሪያውን ላስረከበ ሰው ግን ሠርጉ ግዳጅ ሆኖ ይቆያል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አባላቱ ቶሎ ወጥተው ለመቅመስ ስለቸኮሉ ቃለ ጉባኤው ሳይነበብ ተፈረመ፤ ማኅተም ተደረገበት፤ አንዱን ቅጂ ጓድ ሣህለ ማርያም ይዘው ወደ ሞታ ተነሡ።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ተመልሰው መጥተዋል። አሁን ከጸሐፊዋ ትከሻ በላይ ሆነው በጣታቸው እየተከተሉ ያነብባሉ። ጣታቸው ከመጨረሻው ውሳኔ ላይ ቆሟል።

«አምሳለች፣ ይቺን የመጨረሻዋን መስመር ማን ተናገራት?»