አደ ዘይነባ ያናወጡት አግዳሚ

የጎባን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሳነቴ ተራራ ላይ ያደረ ነፋስ ጠዋት ወርዶ በር ሳያንኳኳ ይገባል። እኔ የሮቤ ሰው ነኝ። ሮቤም ይበርዳል፤ ግን የሮቤ ብርድ ትንሽ ይሉኝታ አለው።

ብርድን ያነሳሁት ስለ ልጄ ስለ ትርሲት ላወራችሁ ብዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን በፊዚክስ ትማራለች። ምንድነው የምታጠኚው ብላት፣ ሙቀት እንዴት እንደሚጓዝ ነው አለችኝ። ይኼ ምን ትምህርት ያሻዋል? የብረት ጭልፋ ድስት ውስጥ ረስቶ የጨበጠ ሁሉ ያውቀዋል፣ አልኩ በሆዴ።

እሷ ግን ወረቀት ላይ ኳሶች ደርድራ፣ አንዱን ካንዱ እንደ ፍራሽ ሞላ ባለ ጥምዝ ሽቦ አያይዛ አሳየችኝ። ዳር ያለው ሲሞቅ ይንቀጠቀጣል፣ ጎረቤቱን ይነካል፤ ጎረቤቱም ጎረቤቱን። እስከዚህ ገባኝ። ጣጣው ምን መሰላችሁ? ኳሶቹ ሁሉ ሥርዓት ካከበሩ ሙቀቱ ሽው ብሎ ወዲያኛው ዳር ይደርሳል። የእውነቱ ጭልፋ ግን እንዲያ አይደለም፤ እጀታው ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው። ስለዚህ ሒሳቡ ውስጥ ሁከት ይጨመራል አለችኝ። ኳሶቹ እንዲያው በዘፈቀደ ይገፋፋሉ፤ ያኔ ሒሳቡ ጭልፋውን ይመስላል። ሁከት ተጨምሮ የሚስተካከል ነገር ያን ቀን ሰማሁ።

ጭንቃችን ግን ሌላ ነበር። ትርሲት ዝምተኛ ናት። ጥናቷን ልታቀርብ መምህራኑ ፊት ስትቆም አፏ ተሳሰረ። ሒሳቡ ልክ ነው፣ አሁን በሰው ቋንቋ አስረጂን አሏት። አልቻለችም። አንድ ዕድል ብቻ ጨምረው ሸኟት። ቤት መጥታ፣ "በቃኝ እማዬ፣ እተወዋለሁ" አለች። እኔ ምን አውቃለሁ? እመቤቴ ፊት ቆሜ አደራሽን አልኩ።

በዚያው ሰሞን ጎባ ዘመድ ሞቶብን ለቅሶ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደርን። የሻዩ ማንቆርቆሪያ በሩ ጋ ነው፤ ብርጭቆው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። የእኛ ሰው ጨዋ አይደል? የደረሰው ሁሉ "እርስዎ ይቅደሙ" እያለ ለጎኑ ይሰጣል። ያም ለጎኑ። ሻዩ ማንም ሳይቀምሰው ዳር ይደርሳል። ዳር ያሉት ሽማግሌ ፊት ብርጭቆ ተሰልፏል። እኔና ትርሲት መሃል ነን። ሲያልፍ ጣታችንን ሞቅ ያደርገዋል፣ ከዚያ ደህና ሰንብት። መጠየቅማ ነውር ነው።

ይኼኔ አደ ዘይነባ ገቡ። እኛ አገር ወይዘሮን አደ ነው የምንለው። የሮቤ ጎረቤታችን ናቸው፤ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ፤ ድምፃቸው ጎሮ ከተማ ድረስ ይሰማል። ከልባቸው አልቅሰው ሲያበቁ ተጠግተው መሃላችን ተቀመጡ።

"ያ ረቢ! ይኼ ሁሉ ሻይ ወዴት ነው የሚሰደደው?"

ካንዱ ነጥቀው ላንዱ ይሰጡ ጀመር። "አንቺ ልጅ፣ ከንፈርሽ ጠቁሯል፣ ያዢ! አንተ ደግሞ ምን ለጎንህ ትገፋለህ? ዱላ ቅብብል ነው እንዴ? ጠጣ!"

ሽማግሌው ከዳር፣ "ዘይነባ፣ ለቅሶ ቤት ነው፤ ዝም አትዪም?" አሏቸው።

"አባባ፣ ሟቹ ዝም ብለዋል፣ እሱ ይበቃል። እርስዎ አንዱን ይጠጡና የቀረውን ይመልሱ!"

ሐዘንተኛው ሁሉ በነጠላው አፉን ሸፈነ፤ ለእንባ አይደለም።

አግዳሚው ተናወጠ። ብርጭቆ ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል። ግን ልብ አድርጉልኝ፣ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ማንቆርቆሪያው አጠገብ ያሉት ትኩሱን ጠጡ፤ እኛ የመሃሎቹ ለብ ያለ ደረሰን፤ ዳር ያሉት ቀዝቀዝ ያለውን።

ትርሲት ብርጭቆዋን እንደያዘች ወደኔ ዞረች። "እማዬ፣ ሁከቱ እኮ እሳቸው ናቸው! ሙቀቱን አይጨምሩትም፣ አይቀንሱትም፤ ያዳርሱታል።" ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል አልኳት።

በቀጠሮዋ ቀን ኳሱን ትታ ከአግዳሚው ጀመረች። መምህራኑ ሳቁ፤ ጠየቁ፤ መለሰች። እንደገና ጠየቁ፤ እንደገና መለሰች። አለፈች፣ ተመስገን። አደ ዘይነባ ሲሰሙ ይቀየማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን፣ "አልሐምዱሊላህ! ባለቤቴ ይኼን ሁሉ ዘመን ሁከት ሲለኝ ኖሮ፣ ለካ ዲግሪ ያሰጣል!" አሉ።

ልጄን ሳሳድጋት "በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም" እላት ነበር። እውነት ነው፣ አይገባም። ሻይም አይገባም።