ዘጠኝ ኃላፊ በአንድ ስታዲየም

መሥሪያ ቤት የሚቋቋመው የሕዝብን ችግር ለመፍታት ነው ይባላል። የከተማው የገጽታ ግንባታ ጽሕፈት ቤት ግን ከዚህ ተራ ዓላማ ከፍ ብሎ፣ ችግሩ ከሩቅ ሲያዩት እንዲያምር የማድረጉን ከባድ አደራ በጫንቃው ተሸክሞ የተቋቋመ ነው። ለዚህም አንድ ኃላፊ፣ አራት ምክትሎች፣ ሃያ ስድስት አስተባባሪዎች፣ እንዲሁም ሥራውን የምትሠራ አንዲት የኮንትራት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩት።

ፎቶግራፍ አንሺዋን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት አያቷ ናቸው። አያትየው ሲበዛ ስጉ ነበሩ። ልጅቷ ስታስነጥስ ሳንባዋ ይታያቸዋል፤ አሥር ደቂቃ ስትዘገይ መኪና ይታያቸዋል፤ ስትስቅ ደግሞ የደበቀችኝ ነገር አለ ብለው ይጠረጥራሉ። ስለዚህ አንድ ቀን እራት ላይ ፈገግ ብላ ስትቀርብ ገና ከወዲሁ ልባቸው ድው አለ።

«እማማ፣ ቋሚ ልሆን ነው! አዲሱን ስታዲየምና ከበስተጀርባው ያሉትን ፎቆች አንድ ላይ የሚያሳይ ዙሪያ ገብ ፎቶ አንሺ ተብያለሁ። አሥራ ሁለት ሜትር ሆኖ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ካማረ ወዲያው ይቀጥሩኛል።»

«አሥራ ሁለት ሜትር ፎቶ? በምን ካሜራ?»

«ካሜራው ቀስ እያለ እየዞረ ብዙ ፎቶ ያነሣል። ኋላ በኮምፒዩተር እገጣጥመዋለሁ። አንቺ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመሽ የአልጋ ልብስ እንደምትሰፊው ማለት ነው።»

አያትየው ይህ ገባቸው። ደስም አላቸው። ግን ደስታ ላይ ብዙ መቆየት አይወዱም።

«ከየት ሆነሽ ነው የምታነሺው?»

«ከመብራቱ ማማ ላይ።»

«የቱ ማማ?»

«የስታዲየሙ ነዋ። አርባ ሜትር ነው፤ መሰላል አለው።»

አያትየው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «በቀረኝ ዕድሜ ሬሳሽን ላቅፍ ነው?»

«ቀበቶ አስራለሁ እኮ፣ እማማ።»

«ቀበቶ የሚይዘው ሱሪ ነው!»

«ደግሞ ዛሬ አለቆቹን ከታች አስቀምጬ ለሙከራ ወጥቼ ወርጃለሁ። ይኸው ምን ሆንኩ?»

ይቺን እንኳ ባትጨምር ይሻል ነበር። አያትየው ሌሊቱን ሙሉ ከአርባ ሜትር ሲወድቁ አደሩ።

በማግስቱ ጧት ኃላፊውን እግራቸው ላይ ወድቀው ሊለምኑ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱና ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ፣ ኃላፊው ኮምፒዩተሩ ላይ አጎንብሰው የሙከራውን ፎቶ ይመረምራሉ።

«እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

«እዚች ጋ፣ ክቡርነትዎ» አለች ልጅቷ፤ «ይቺ ጥቁር ነጥብ።»

«ነጥብ?»

«አጠገብዎ ያሉት ደግሞ ምክትልዎ ናቸው።»

«እሱም ነጥብ፣ እኔም ነጥብ? ታዲያ በምን እንለያለን?»

የፕሮቶኮል አስተባባሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «እርስዎ ተለቅ ያሉ ነጥብ ነዎት፣ ክቡርነትዎ።»

ይህ አላጽናናቸውም። ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ቃለ ጉባኤው እንደሚያስረዳው፣ አመራሩ ከሕዝብ ዓይን የማይርቅበትን ከፍታ በተመለከተ ሰፊና ጥልቅ ውይይት ከተካሄደ በኋላ፣ ከፍታው ዜሮ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ካሜራው ከማማው ወርዶ ሜዳው መሀል ይተከላል።

አያትየው ይህን ከውጭ ሰምተው በሩን ሳያንኳኩ ተነሡ። መንገድ ላይ ብቻቸውን እያወሩ ሄዱ። «እንዲህ ራሱን የሚወድ ሰው ዕድሜ ይስጠው! እሱ ባይኖር ልጄ ተፈጥፍጣ ነበር እኮ!»

ዝግጅቱ የዋዛ አልነበረም። ከስታዲየሙ ባሻገር የሚታዩት ፎቆች ካሜራው በሚያያቸው ጎን ብቻ ቀለም ተቀቡ። በሌላው ጎን የሚኖሩ ሰዎች ቅሬታ ቢያቀርቡ፣ ጎናቸው በቀጣዩ ዕቅድ ውስጥ ለመካተት እየተጠና መሆኑ ተገለጸላቸው። ገና አጥንቱ የቆመ አንድ ፎቅ ደግሞ መስኮት በተሳለበት ሰፊ ጨርቅ ተሸፈነ። ሰዓሊው ለሥራው ተጨንቆ በሦስቱ መስኮቶች ውስጥ መብራት አብርቶባቸዋል።

የተቆረጠው ቀን ደረሰ። ልጅቷ ሜዳው መሀል ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ ስታስተካክል፣ አያትየው ሹራብ፣ ጃንጥላና ፔርሙዝ ይዘው ከተፍ አሉ።

«እማማ! ምን አመጣሽ?»

«ሹራብሽን ረስተሽ! ሜዳ ላይ ንፋስ አለ።»

ልጅቷ ከማንም ራቅ አድርጋ ከተመልካች ወንበር በአንዱ አስቀመጠቻቸው። «ካሜራው ዞሮ እስኪጨርስ ሰው ከወንበሩ መነሣት የለበትም። አንቺም እኔ ሳልጠራሽ ንቅንቅ እንዳትዪ።»

«ምን በወጣኝ!» አሉ አያትየው፤ ፔርሙዙን ጭናቸው ላይ አቅፈው ተደላደሉ።

ሠላሳ አንዱ አመራር በክብር መቀመጫው ላይ ሆኖ ፈገግታውን አዘጋጀ። ካሜራው አንድ አለ፣ ሁለት አለ፣ ሦስት አለ። ከዚያም ወደ ቀኝ ዞረ። ኃላፊው ፈገግታቸው ሳይፈርስ በጥርሳቸው መሀል ጠየቁ።

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ይዞራል ተብሏል፣ ክቡርነትዎ» አለ የፕሮቶኮሉ ሰው።

«ጀርባውን ሰጥቶኝ?»

ይህ በእርግጥ ያልታሰበበት ጉዳይ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ካሜራ ባለበት ሁሉ ኃላፊው ከፊቱ፣ ምክትሎቹ ከኃላፊው ጎን፣ አስተባባሪዎቹም ከምክትሎቹ ኋላ ይሆናሉ። ካሜራው ቢዞርስ የሚል አንቀጽ የለውም። ስለዚህ ደንቡን ለማስከበር ኃላፊው ተነሡና በወንበሮቹ መሀል ወደ ቀኝ ገሰገሱ፤ ሠላሳውም ተከተላቸው። ካሜራው ፊት ደርሰው ተቀመጡ፤ ፈገግ አሉ። ደመና ፀሐይዋን ስለጋረዳት ልጅቷ ብርሃኑ እስኪመለስ ጠበቀች፤ አነሣች፤ ካሜራው ደግሞ ዞረ። እነሱም ደግመው ተነሡ።

«ኧረ አትነሡ!» ብላ ጮኸች ከመሀል ሜዳ። «ቁጭ በሉ፣ በእናታችሁ!»

«አንቺ ልጅ! ክቡር ኃላፊውን ቁጭ ይበሉ ያለ የኮንትራት ሠራተኛ እስከ ዛሬ አልተወለደም!» ሲል የፕሮቶኮሉ ሰው እየሮጠ መለሰላት።

በአያትየው ወንበር አጠገብ ሲያልፉ አንዱ ምክትል እግራቸውን ረገጣቸው። ይቅርታ ከማለት ይልቅ አዘነላቸው። «እማማ፣ ይነሡ እንጂ! ካሜራው ሊያመልጥዎ ነው!»

«ልጄ አትነሺ ብላኛለች» አሉ አያትየው። «ደግሞ ቀስ በሉ፣ ደረጃው ያንሸራትታል!»

እንዲህ እያሉ ስታዲየሙን ሙሉ ዞሩት።

ፎቶው ተገጣጥሞ ሲያልቅ ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ኃላፊው ዘጠኝ ቦታ ተቀምጠዋል። በአራተኛው ላይ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ወጥቷል፤ በሰባተኛው ላይ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ምክትሎቹም አስተባባሪዎቹም እንዲሁ ዘጠኝ ዘጠኝ ጊዜ አሉ። «አለቀልኝ፣ እማማ» እያለች ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይዛው ሄደች።

ኃላፊው ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ስንት ቦታ አለሁ?»

«ዘጠኝ፣ ክቡርነትዎ። ይፍቀዱልኝና ስምንቱን ላጥ…»

«እንዳትነኪ!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አመራር በሁሉም ቦታ ተገኝቶ ማየት ምን ያህል ስመኝ ኖርኩ መሰለሽ!» ፎቶው ምንም ዓይነት እርማት ሳይደረግበት እንዲታተም ፈርመው፣ ስታዲየሙ ፎቶው በተነሣበት ዕለት በሕዝብ ተጨናንቆ እንደነበር የሚገልጽ መግለጫም አያይዘው አወጡ። ለልጅቷ የቋሚነት ደብዳቤ እንዲጻፍላት አዘዙ።

ደብዳቤው ገና ሳይተየብ ከበላይ አካል ተቆጣጣሪ መጣች። መነጽር ያደረገች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። አዳራሹ ገብታ እርሳስ አወጣችና ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ስትቆጥር ዋለች።

«ሁለት መቶ ሰማንያ» አለች ማምሻውን። «በመዝገብ ያላችሁት ሠላሳ አንድ ናችሁ። ለመሥሪያ ቤቱ የተፈቀደው አንድ ኃላፊ ነው፤ እኔ የቆጠርኩት ዘጠኝ ነው። ስምንቱን ማን ቀጠራቸው?»

ኃላፊው ጣታቸውን ወደ ልጅቷ ቀሰሩ። «እ… እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም! ልጅቷ ናት በማሽን ያባዛችኝ!» የቋሚነቱ ደብዳቤ እዚያው የስንብት ሆነ፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ግን እርሳሷን አንዲት ወንበር ላይ ቀሰረች። «ከሁሉም አንድ ጊዜ ብቻ የታዩት እኚህ ፔርሙዝ ያቀፉ እናት ማን ናቸው?»

አያትየው ተጠሩ። ሹራብ ይዘው መጡ።

«እማማ፣ የዚያን ቀን ኃላፊው ከወንበራቸው ተነሥተዋል ወይስ አልተነሡም?»

አያትየው ሰው መክሰስ ይከብዳቸዋል፤ በዚያ ላይ ኃላፊው ልጃቸውን ከማማ ያወረዱ ባለውለታ ናቸው። የኃላፊውን ፊት አዩ፤ ማኅተሙን አዩ፤ የልጃቸውን የቀላ ዓይን አዩ።

«እኔ እንኳ አልተማርኩም፣ ልጄ። ግን ማሽኑ ሰው የሚያባዛ ከሆነ፣ እኔስ ለምን አንድ ሆንኩ?»

ተቆጣጣሪዋ ይህን ቃል በቃል ጻፈችው።

የበላይ አካልም ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ ፍትሐዊ ውሳኔ ሰጠ። ከዘጠኙ ኃላፊዎች ስምንቱ ትርፍ በመሆናቸው ይሰናበቱ፤ አንዱ በሥራው ይቀጥል። ኃላፊውም በአንድ ጧት ስምንት የስንብትና አንድ የመቀጠያ ደብዳቤ ተረከቡ። ጠረጴዛቸው ላይ ደርድረው ብዙ ካሰቡ በኋላ በድምፅ ብልጫ ተሰናበቱ።

ልጅቷ ቋሚ ሆነች። ደብዳቤዋን ስታሳያቸው አያትየው ሦስት ጊዜ ሳሙት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ምንም የሚሠጉበት ነገር አጥተው ዋሉ።

ሰኞ ማታ ልጅቷ እራት ላይ ፈገግ ብላ ቀረበች።

«አዲሱ ኃላፊ እንዴት ያለ ትሑት ሰው መሰለሽ፣ እማማ! ፎቶውን አወረደው። እኔ በፎቶ መታየት አልፈልግም፣ ከተማው ይታይ አለ።»

አያትየው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ከየት ሆኖ ነው የሚታየው?»

«ከመብራቱ ማማ ላይ። ያውም ከጫፉ።»

አያትየው ሹራቡን ፈልገው አነሡና ደረታቸው ላይ አቀፉት።

«ወይኔ አፌ! ያንን ባለ ዘጠኝ ሰውዬ በገዛ አፌ አስባረርኩት!»