ቅጠል ልናሳየው የወሰድነው ሰው

ቅጠል ለማየት ብሎ ሁለት ሰዓት መኪና የሚነዳ ሕዝብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እዚህ ቨርጂኒያ ተራራ ላይ፣ በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ። ሰዉ ልጁን፣ ውሻውን፣ አያቱን ጭኖ ይመጣና መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ዛፍ ያያል። ዛፉ ምን ያደርጋል? ምንም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ ቀይ ሆኗል፣ ሊረግፍ ነው። ሊረግፍ የደረሰ ነገር ምኑ ይታያል? ግን ያዩታል፤ ፎቶም ያነሱታል።

እኔም አንዴ ሄጃለሁ። ለቅጠሉ ብዬ ግን አይደለም። ጓደኛዬን ከመርዶ ልደብቀው ነው የሄድኩት። ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ደረጀ ይባላል። ያኔ ላንግሊ ፓርክ አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። ሥራው ዲሲ መሀል ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ያቺ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ ትኬት ይቀበላል፣ መውጫውን የሚዘጋውን እንጨት ያነሳል፣ መኪና ያሳልፋል። ደግ ሰው ነው። ስልክህን አውሰኝ ብትሉት ለምን አይልም፤ ቻርጀሩን ጨምሮ ይሰጣችኋል። እናቱ እማማ አስካለ ደሴ ነበሩ። የደረጀ ወረቀት ገና ስላላለቀ ከአሜሪካ ቢወጣ መመለሻ የለውም፤ ስለዚህ ለስምንት ዓመት እናትና ልጅ የተገናኙት በስልክ ብቻ ነው። በየእሁዱ ከቅዳሴ መልስ ካርድ ፍቆ ይደውልላቸዋል። የሚያወሩት ደግሞ አንድም ቁም ነገር የለውም። በላህ ወይ ይሉታል፣ በላሁ ይላል። አንድ እሁድ መስመር እምቢ ያለው እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ ፊቱ አይፈታም።

አንድ ሐሙስ ጧት ታዲያ የእኔ ስልክ ጮኸ። ሶስና ናት፣ የደረጀ ታላቅ እህት፣ ከደሴ። ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ለምን ደወለች? የእኛን ሰው ታውቁት የለ? የደስታ ሲሆን ለባለቤቱ ይደወላል፤ መርዶ ሲሆን ለጓደኛው። ደረጀ ደህና ነው ወይ አለችኝ። ሥራ ላይ ነው ወይ፣ ሰው አጠገቡ አለ ወይ። ድምፅዋ ልቅሶ ልቅሶ ይላል። ቀጥላ «እማዬ» ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

አበቃ። ሌላ ምን ያስፈልጋል? መልሰህ ደውለህ አትጠይቃትም ነበር ትሉኝ ይሆናል። ምን ብዬ? እናትሽ ሞቱ ወይ ልበላት? እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? እናቴ ባለጌ አድርጋ አላሳደገችኝም። በቀጥታ ጋሽ ንጉሤ ዘንድ ሄድኩ።

ጋሽ ንጉሤን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ዋናው ሙያቸው ግን መርዶ መንገር ነው። ማን በስንት ሰዓት፣ በማን ፊት፣ የት ተቀምጦ እንደሚረዳ እሳቸው ይወስናሉ። ስኳር ያለበትን አስቀድመው ቁርስ ያስበሉታል። ግፊት ያለበትን ነርስ አጠገቡ ያስቀምጡለታል። ሙያ ቢሆንም ይሳሳታሉ እንግዲህ። አንድ ጊዜ ሃያ ሰው አስከትለው በንጋት የአንዱን ምስኪን በር ቢያንኳኩ፣ ሰውየው በቀዳዳ አየና ጥቁር ኮት የለበሰ ሁሉ ኢሚግሬሽን መሰለው። በመስኮት ወጥቶ የእሳት ማምለጫው ደረጃ ላይ በፒጃማ ተንጠለጠለ። ምን ያድርጉ? እዚያው ደረጃው ላይ እንዳለ መርዶውን ነገሩት። እስከ ዛሬ ሰውየው የሚያለቅሰው ለአባቱ ይሁን ለድንጋጤው አይታወቅም።

ጋሽ ንጉሤ ሰሙኝና ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። መቼ ነው፣ በምን ነው፣ አላሉም። እሁድ ንጋት ላይ ይነገረዋል አሉ። እሁድ ሰው ሥራ አይገባም፤ ሴቶቹም ቅዳሜ ምግቡን ይሠራሉ፤ ያክስቱ ልጅም ከአትላንታ ይደርሳል። የእኔ ድርሻ ስልኩን ከእጁ መውሰድና ቅዳሜን ከሰው አርቆ ማዋል ነው። ዝም አይነቅዝም፣ አደራህን አሉኝ።

ስልኩ ቀላል ሆነ። የእኔው ተበላሽቶብኛል፣ እስከ እሁድ አውሰኝ አልኩት። ሰጠኝ፤ ቻርጀሩንም አልረሳም። የእኔውም ጮሆ እንዳያጋልጠኝ ሁለቱንም አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩ።

ቅዳሜን የት ላውለው? ባህራም ትዝ አለኝ። ባህራም ኢራናዊ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ይኖራል፤ ድሮ እኔና እሱ አንድ ታክሲ በፈረቃ ነድተናል። አገሩ ሰሜን ኢራን ነው፣ ካስፒያን ባሕር አጠገብ። ስለ አገሩ ጫካ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። አንድ ቀን ኢራን በረሃ አይደለም ወይ ብዬው ለአንድ ሳምንት አኩርፎኛል፤ የመኪናውን ቁልፍ እንኳ መሬት ላይ ጥሎልኝ ነው የሚሄደው። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ወደ ቨርጂኒያ ተራራ ይነዳል፤ መንገዱ አገሩን ይመስለዋል። ቅዳሜ ይዘኸን ሂድ አልኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም።

ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ተነሳን። ደረጀ ከፊት፣ እኔ ከነስልኩ ከኋላ። የደረጀን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ስምንት ዓመት ሙሉ ያየው አሜሪካ ከመሬት በታች ሦስተኛ ፎቅ ነው። መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ፣ ለካ ይሄም አሜሪካ ነው ይላል። ያየውን ሁሉ ለእናቱ ያስቀምጣል። ነገ ስደውልላት ቀይ ዛፍ አየሁ ብላት አታምነኝም፣ ቀለም ቀብተውት ነው ትለኛለች ይላል። ነገ ስደውል ባለ ቁጥር ወሬ ለመለወጥ ብዬ ብላ እለዋለሁ፤ ቆሎ አቀብለዋለሁ፣ ሙዝ እልጥለታለሁ። ቀልድም አወራሁ፣ ያውም ብዙ። እነዚያን ቀልዶች ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም አውርቻቸው አላውቅም።

መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ሲል ጭጋግ መጣ። ባህራምም ስለ አገሩ ጀመረ። ከቴህራን ተነስተህ ተራራውን ትወጣለህ አለ። በዚያኛው በኩል ድንጋይ ብቻ ነው፣ ዛፍ የሚባል የለም። ተራራውን አልፈህ ቁልቁል ስትል ግን ሁሉም ጫካ ነው፤ ጭጋጉ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ መንገድ ዳር ሻይ የሚያፈላ አለ፣ ሥጋ በከሰል የሚጠብስ አለ። ደረጀ አፉን ከፍቶ ይሰማል። እማዬን ወስጄ ባሳያት አለ። እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ቀትር ላይ ገደል አፋፍ ላይ ቆመን ሳንዱች በላን። ደረጀ አንድ ትልቅ ቀይ ዛፍ ሊያይ ራቅ ሲል ባህራም ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ደብቀኸው ነው?» አለኝ።

ምን እደብቀዋለሁ አልኩ። ባህራም ሳቀ፣ ሳቁ ግን ደስ አይልም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ፣ አንድ ቀን ሁለት አጎቶቹ ያለ ወትሮአቸው መጥተው መኪና ውስጥ አስገቡት። ያንን ጫካ ከጧት እስከ ማታ ሲያዞሩት ዋሉ። ፏፏቴ አሳዩት፣ ሥጋ አበሉት፣ ሻይ አጠጡት። እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም። ሲመሽ ቤት ቢደርስ አባቱ ተቀብረዋል። አፈሩን እንኳ ያለበሱት ሌሎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ብላ፣ ብላ ይሉኝ ነበር አለኝ። አንተም ከጧት ጀምረህ ብላ ብላ እያልከው ነው።

ምን ልበል? ሁሉንም ዘረገፍኩለት። መቼ ሞቱ አለኝ፤ አላውቅም አልኩ። በምን ሞቱ አለኝ፤ አላውቅም አልኩ። ሞቱ ብሎ የነገረህ ማን ነው አለኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ስም አጣሁ። አልጠየቅክም ወይ አለኝ። እንዴት ይጠየቃል፣ ነውር ነው አልኩት። ይህንን ስናገር ነው የራሴን ድምፅ የሰማሁት። 

የደረጀን ስልክ ከኪሴ አውጥቼ ከፈትኩት። ሲግናል የለም። ደረጀን ጠርተን መኪናው ውስጥ ገባንና ባህራም ቁልቁል ነዳው። ደረጀ ምነው ቸኮላችሁ ይላል፤ ገና መች አየሁት። ግማሽ መንገድ እንደወረድን ስልኩ ይንጫጫ ጀመር። ዘጠኝ ቮይስ ሜይል። የመጨረሻውን፣ የዛሬ ጧቱን ከፍቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ሶስና ናት፦ «ደሬ፣ እባክህ ደውል። እማዬ ሆስፒታል ናት፣ ስምህን እየጠራች ነው። ዛሬን የምታድር አልመሰለኝም።»

የእናቱ ድምፅ ደሴ ላይ እየጠበቀው እኔ ሙዝ ስልጥለት ውያለሁ። ከዚህ ወዲያ ዝምታ የለም። ትከሻውን ያዝኩና፣ ደሬ፣ እማማ አስካለ በጣም ታመዋል፣ ሆስፒታል ናቸው አልኩት።

ደረጀም የእኛው ሰው ነው እንግዲህ። ጓደኛው ስልኩን ቀምቶ፣ ጫካ ወስዶ፣ አብልቶ አጠጥቶ «እናትህ ታመዋል» ሲለው ምን ሊገባው ነው? ጩኸቱን ለቀቀው። ደረቱን ይደቃል። አልሞቱም እለዋለሁ፤ አታታልለኝ ይላል። በሕይወት አሉ እለዋለሁ፤ ይብስበታል። ስዋሽ ውዬ ታመንኩ፤ እውነት ስናገር የሚያምነኝ ጠፋ። ባህራም መኪናውን ዳር አስያዘ። ደረጀ ወርዶ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ያ ያማረ ቅጠል ሁሉ ልብሱና ጠጉሩ ላይ ተለጠፈ። ቅጠል ሊያዩ የመጡ ያረጁ ፈረንጅ ባልና ሚስት ውሃ ይዘው ሮጡልን። ሴትዮዋ ማን ሞቶበት ነው አለችኝ። ማንም አልኳት። ግራ ገባትና ውሃውን ለእኔ ሰጠችኝ። ለካ እኔም እያለቀስኩ ነው።

ተራራው ሥር ጋዝ ስቴሽን አገኘንና ካርድ ገዛን። የፋቀው ባህራም ነው። ቁጥሩን ሁለቴ ተሳስተን በሦስተኛው ገባ። ሶስና አነሳች። አልተቆጣችም፣ አልጠየቀችም፤ ስልኩን እናቷ ጆሮ ላይ አደረገችው። ደረጀ ይንሰቀሰቃል። ጆሮዬን አስጠግቼ እማማ አስካለን ሰማኋቸው፤ ድምፃቸው ቀጥኖ ክር ሆኗል።

«ማን ሞቶብህ ነው እንዲህ የምታለቅሰው?» አሉት።

ማንም አላቸው። በላህ ወይ አሉት፣ በላሁ አለ። ቀይ ዛፍ ማየቱን ነገራቸው። አላመኑትም። ካርዱ እስኪያልቅ አወሩ፤ ሌላ ገዛን፣ እሱም አለቀ።

ላንግሊ ፓርክ ስንመለስ ለሠላሳ ሰው የሚበቃ ምስር ተሠርቷል፤ ያክስቱ ልጅም ጥቁር ለብሶ ከአትላንታ ገብቷል። ጋሽ ንጉሤ ሲሰሙ ተቆጡ። በማን እንደተቆጡ ግን አልገባኝም፤ ቀጠሮ ያፈረሱት እማማ አስካለ ሳይሆኑ አይቀሩም። ምስሩን በላነውና ሰዉ ወደየቤቱ ሄደ።

እኔ ግን ማልኩ። ካሁን በኋላ ድብብቆሽ የለም አልኩ። ሰው ሞተ፣ ይነገረዋል፤ ፈረንጅ ስንት ዘመን እንዲህ እያደረገ ኖሯል፣ ምን ሆነ? ለባህራም በኩራት ነገርኩት። 

እማማ አስካለ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ኖሩ። ደረጀ በየቀኑ ደወለላቸው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሶስና እንደገና ለእኔ ደወለች። ያን ጊዜ ጠየቅኋት። በግልጽ፣ ያለ ይሉኝታ ጠየቅኋት። አዎ፣ ዛሬ ዐረፈች አለች።

አንድ ደቂቃ አላባከንኩም። ሥራ ላይ እንዳለ ለደረጀ ደወልኩ።

«ደሬ፣ እማማ አስካለ ዛሬ ዐረፉ» አልኩት። እንደ ማልኩት፣ ቁልጭ አድርጌ።

 ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ችኩል ነኝ ይላል። እንጨቱ ሲነሳ ሰማሁ። ደረጀ ለሰውየው «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» አለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አጠገቤ እኮ ማንም የለም» አለኝ።

ምን እንዳደረግኩት ያኔ ገባኝ። ለጋሽ ንጉሤ ደወልኩ፣ ለባህራም ደወልኩ፣ እኔም ወደ ባቡሩ ሮጥኩ። ቀዩ መስመር የሚሉት ባቡር እንደዚያ ቀን ተንቀርፍፎብኝ አያውቅም፤ በየጣቢያው ያንቀላፋል። ሦስታችን ጋራዡ በር ላይ ተገናኘን። ደረጀ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ትኬት ይቀበላል፣ እንጨቱን ያነሳል፣ መኪና ያሳልፋል። ፊቱ ደርቋል፤ አንዲት እንባ አልወጣችውም። ጋሽ ንጉሤ በሩን ከፍተው አወጡት። ባህራም እንጨቱን ወደ ላይ አንስቶ ተወው፤ የዚያን ቀን የዋለው መኪና ሁሉ በነጻ ወጣ።

ደረጀ ሦስታችንንም አንድ በአንድ አየን። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ።

«እስካሁን አልሰማሁም» አለ። «በሉ፣ አሁን ንገሩኝ።»

አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ንጉሤ በክርናቸው ገፈተሩኝ። በዚያ ዕድሜያቸው መሬት ላይ አጠገቡ ተቀመጡ፣ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ልጄ፣ እናትህን ትንሽ አሟቸው ነበር» ብለው ጀመሩ።