«ይሄ የማን ልጅ ነው?» የሚሉት ክብርት መርማሪ

የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚሠራበት ቢሮ ሁሉ ሁለት ዓይነት ሰው አይጠፋም፤ በር ሲንኳኳ ሳይጠይቅ የሚከፍትና የገዛ ወንድሙንም «ማነው?» የሚል። የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ አጠገቤ የሚቀመጡት ክብርት መርማሪ ናቸው። ፊት ለፊት «አንቺ» እላቸዋለሁ፤ አንቱታው ከኋላቸው ሳማቸው የማወጣው ነው።

የምንሠራው የመድኃኒት ቤቶችን ፕሮግራም ነው። እኔ ከባዶ መጻፍ አልወድም። ኢንተርኔት ላይ ሌላ ሰው ለኮምፒውተር የጻፈው የትእዛዝ ዝርዝር፣ ስክሪፕት የሚሉት፣ ካገኘሁ ኮፒ፣ ፔስት፤ ከዚያ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ራሴ እንደጻፍኩት እንጎራደዳለሁ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያለው ሰው ኮፒ ማድረግ ባይችል ነው።

ክብርት መርማሪ ግን ከውጭ የመጣ ስክሪፕት ባዩ ቁጥር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ይሄ የማን ልጅ ነው?» ይላሉ። አንዴ የቢሮው ፕሪንተር «አዘምኑኝ» ብሎ ቢጠይቅ፣ ገመዱን ነቅለው «ማን ላከህ?» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሰሞኑን አዲሱን ፕሮግራም ለመድኃኒት ቤቶቹ ለመላክ ስንጣደፍ፣ ፕሮግራሙ ተገጣጥሞ በሚወጣበት ኮምፒውተር ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ። ሥራዋ ከኢንተርኔት አንድ ስክሪፕት አምጥታ እዚያው ማስኬድ ነው።

«ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«የአንድ ጎበዝ ሰው። ስሙን ነው የማላውቀው።»

«ስሙን ለማታውቀው ሰው የቤትህን ቁልፍ ትሰጣለህ?»

«ሰው ሁሉ እኮ ነው የሚጠቀምበት!»

«እሺ፣ የሰው ሁሉን ስልክ ስጠኝ።»

በግኜ አለቃችን ዘንድ ሄድኩና «ሥራ እያጓተተች ነው» ብዬ ከሰስኳቸው። ያለ እሳቸው ይሁንታ እንዳስኬደው ፈቀደልኝ። ደረቴን ነፍቼ ስመለስ ክብርት መርማሪ አልተከራከሩም። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው «እንግዲያው ከማስኬድህ በፊት አንዴ አብረን እናንብበው» አሉ።

አነበብን። ማለቴ፣ እሳቸው አነበቡ፤ እኔ እንደገባው ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ ገጹን ወደ ታች እወስድ ነበር።

«ቆይ ቆይ። እዚህ ጋ ምን ይላል? ጮክ ብለህ አንብበው።»

ጮክ ብዬ ጀመርኩ። መስመሩ፣ መድኃኒት ቤቶቹ ፕሮግራሙ ከእኛ መምጣቱን እንዲያውቁ የምንፈርምበትን ሚስጥራዊ ቁልፍ ወደማናውቀው አድራሻ ላክ ይላል። መሃል ላይ ድምፄ ሰለለ። የገጹን የለውጥ መዝገብ ስናይ፣ አንድ ሌባ የጎበዙን ሰው ገጽ ሰብሮ ገብቶ የጨመረው ነው፤ ያውም የዚያኑ ዕለት ጠዋት። አስኬጄው ቢሆን ኖሮ ሌባው በእኛ ስም የፈለገውን ይልክ ነበር። የበሽተኛ መድኃኒት መጠን ቢቀይር እንኳ ማን ይጠረጥራል?

አለቃችን ተጠርቶ መጣ። «ማነው ያገኘው?»

«እሱ ነው ያነበበው» አሉ ክብርት መርማሪ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

አለቃችን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «እኔማ...» ብዬ ስጀምር እግሬን ከጠረጴዛው ሥር ረገጡኝ።

«ለምን እንዲህ አልሽው?» አልኳቸው ሰውዬው ሲወጣ።

«አባርሮህ ሌላ ሰው ቢያመጣስ? አንተ የት የት እንደምትሳሳት ለይቼ ጨርሻለሁ። አዲሱን ደግሞ ከየት ጀምሬ ልፈትሸው?»

አፈርኩም፣ ደስም አለኝ። እናቴ እንኳ እንዲህ አብጠርጥራ አታውቀኝም።