ፊልም ሲሮጥ የማይወዱት መምህር

ሌላው ሰው እስከ መጨረሻው ማየት ያቃተውን ፊልም ሁለቴ አይቶ ሦስተኛውን የሚናፍቅ አንድ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለደብረ ብርሃን የደረሷት መምህር ወርቅአገኘሁ ናቸው፤ ዕድለኛ ከተማ ናት።

በሥራ ቀን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ መምህር ያላቸው የፊልም ተመልካቹ ነው። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ግን፣ በወጣት ማእከሉ አዳራሽ ፊተኛው ወንበር ላይ ጋቢያቸውን በኮታቸው ላይ ደርበው ሲቀመጡ፣ የዓለም ሲኒማ ፍርዱን ሊሰማ ችሎት የቀረበ ይመስላል። የፊልም ክበቡን የምትመራው መቅደስ ፕሮጀክተሩን የምታበራው እሳቸው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነው።

አስተያየታቸው አጭርና ይግባኝ የሌለው ነው። «ራሽያዎች ማዘን ያውቁበታል፤ አይቸኩሉም። ኢራኖች በር ይዘጉና ከደጅ ያስቀምጡሃል፤ እዚያው ቁጭ ብለህ ስለ ራስህ ታስባለህ። ፈረንሳዮች ደግሞ ሲጋራው ካላለቀ አይጣሉም።» ፊልሙ ውስጥ መኪና ከተሳደደ ወይም ሙዚቃ ከጮኸ፣ «ተሯሯጠ!» ይላሉ። አለቀ። ያ ፊልም ደብረ ብርሃን ላይ ዳግም አይነሣም።

አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ሽማግሌ የተሰበረ ብስክሌት እየገፋ በበረዶ ዳገት ሲወጣ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ የሚያሳይ የፖላንድ ፊልም ታየ። ግማሹ ሰው አንቀላፍቶ ነበር። መብራቱ ሲበራ መምህር ተነሡ። የአንኮበር ቄስ ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ገብተው ስለነበር አንድን ነገር በአንድ ፍቺ መተው አይሆንላቸውም። «ብስክሌቱ ብስክሌት ነው» ብለው ጀመሩ። «አንድም፣ ሚስቱ ናት፤ ታማለች፣ ጥሏት አይሄድም። አንድም፣ ዕድሜው ነው፤ የሚጋልብበት ጊዜ አልፏል፣ ሊጥለው ግን አይችልም።» ያንቀላፉት ሁሉ ነቁ። አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ፊልሙን መርጣ ያመጣችው መቅደስ ራሷ ናት፤ በትክክል ያየችው ግን ያኔ ነው። ሰው እንዲህ ማየት ይችላል? ብላ ተደነቀች፤ እስከ ማክሰኞ ድረስም አልለቀቃት።

እኚሁ ሰው ለአገር ውስጥ ፊልም ግን ምሕረት የላቸውም። አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጋቢያቸውን ሰብስበው ይወጣሉ። እሳቸው ከወጡ ደግሞ ሁሉም ተከትሎ ይወጣል፤ ወንበሩ ላይ የቀረ ሰው ፊልም አያውቅም ይባላልና።

ባለፈው ኅዳር መቅደስ የራሷን ፊልም ልታሳይ ሆነ። አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው፤ እናቷ ወይዘሮ ወለተሐና ደብረ ሲና መንገድ ዳር ቆሎ ይዘው ተቀምጠው፣ የጭነት መኪኖች ሲያልፉ፣ ጉም ሲመጣ፣ ጉም ሲሄድ። ሌላ ምንም የለም። እናትየው ራሳቸው በሚኒባስ ዳገቱን ወጥተው መጥተው ከመምህር ኋላ ተቀምጠዋል። መቅደስ የፈራችው ለራሷ አልነበረም። እናቷ የገዛ ፊታቸው ግድግዳው ላይ እያለ ሰው ጥሏቸው ሲወጣ እንዳያዩ ነበር።

አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ጉሙ እናትየውን ሸፈናቸው፤ «ቆሎ! ትኩስ ቆሎ!» የሚለው ድምፃቸው ብቻ ቀረ። መምህር ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ተነሡ። ወጡ። አርባ ሰው ተከትሏቸው ወጣ።

መቅደስ ፕሮጀክተሩን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች። ወይዘሮ ወለተሐና ግን ዞር ዞር ብለው ባዶውን ወንበር ሁሉ አዩና፣ «ተይው ልጄ፤ ሳይገዛ የሚያልፍ ሰው ለምጃለሁ» አሏት።

ወዲያው ከደጅ ቁጣ ተሰማ። «ምን ሁናችሁ ነው የምትከተሉኝ? ሰው ፊቱን ሊጠርግ ቢወጣ አጀብ ያስፈልገዋል? ግቡ!»

አርባው ሰው እንደ ተማሪ ተሰልፎ ተመለሰ። መምህር መጨረሻ ገቡ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ከመጀመሪያው ክፈቺው» አሉ።

ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ አዳራሹ ሁሉ ትርጓሜውን ለመስማት ጆሮውን አቀና። መምህር ግን አልተረጎሙም። ተነሥተው ወደ ኋላ ዞሩና ለወይዘሮ ወለተሐና እጅ ነሡ።

«እሜቴ፣ እዚያ ቦታ ከተቀመጡ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ዘንድሮ ሃያ ሁለት ዓመቴ።»

መምህር ወደ መቅደስ ዞሩ።

«አሳጥረሽዋል» አሏት።