ለየሸለቆው አንድ ጥንዚዛ

ሁለት ነገሮች አንድ ናቸው ሲባል ሆዱን የሚቆርጠው ሰው ከየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። ከአንድ ማንቆርቆሪያ የተቀዳው የግራና የቀኝ ኩባያ ሻይ እንደሚለያይ ያስረዳል። መንታ ልጆች ካየ ደግሞ እናታቸውን «ተሳስተሻል» ይላታል። የቢሽኬክ የነፍሳት ጥናት ክፍል የእነዚህን ሰዎች ሁሉ ቁንጮ፣ የተራራውን ሁሉ ከፋፋይ፣ በአገሩ አጠራር «አጋይ» የሚባሉትን ክቡር መምህር ካሲማሊን ታድሏል።

ካሲማሊ አጋይ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ የጥንዚዛ ወገን ነው፤ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ፣ ክንፈ አጫጭር፣ ሲቆጡ ጅራታቸውን እንደ ጊንጥ የሚቀስሩ። በእሳቸው እጅ ይህ ወገን እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ሆዱ ላይ አንድ ፀጉር የጎደለው አዲስ ዝርያ ነው። የወንዱ ብልት ጫፍ ጠመም ካለም አዲስ ዝርያ ነው። «ሸለቆው ሌላ ከሆነ ጥንዚዛውም ሌላ ነው!» ይላሉ። የተጠራጠራቸውን «ዓይንህን ታጥበህ ና!» ብለው ያባርሩታል።

የዶክትሬት ተማሪያቸው ሳይካል በጋውን ሁሉ ወንፊቷን ተሸክማ የበሰበሰ ቅጠልና የፈረስ ፋንድያ ስትነፋ ከረመች። ከዚያ የመምህሯን ካርታ ዘርግታ አየችና ክው አለች። ነጥቦቹ ሁሉ የእረኞች ድንኳን ያለበት ቦታ ላይ ናቸው! አጋይ ጥንዚዛ የለቀሙት ኩሚስ፣ ያ የኮመጠጠ የፈረስ ወተት፣ በሚቀርብበት ብቻ ነበር። ማንም «ይግቡ» ከማይልበት ሸንተረር አንዲትም አላነሡም።

እሷ ግን ሸንተረሩን ይዛ ሄዳለች። እዚያ ጥንዚዛው ከታች ፈዛዛ፣ ከፍ ሲል ጠየም ያለ፣ በረዶው አጠገብ ጥቁር ነበር። የት ላይ እንደተለወጠ ሳይታወቅ እንደ ምሽት ቀስ እያለ የሚጠቁር፣ አንድ ፍጡር! በደስታ ማስታወሻ ደብተሯን ሞላችው። ወዲያው ግን ያለ አጋይ ፊርማ መመረቅ እንደሌለ ትዝ አላት።

«ዝርያዎቼን ገደልሻቸው» አሉ አጋይ የመመረቂያ ጽሑፏን እንዳነበቡ።

«አልገደልኳቸውም፣ አጋይ። አንድ አደረግኳቸው።»

«መቃብርም አንድ ያደርጋል!»

ወንፊቷን ነቀፉ። ጥንዚዛዎቹን የለጠፈችበትን ሙጫ ነቀፉ። ነቀፋ ሲያልቅባቸው ጥንዚዛዎቿን ወስደው ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፉ፤ ሰው ታመሙ እስኪል ድረስ ቀና አላሉም። በመጨረሻ አስጠሯት።

«ዋሽተሻል። አንዷን ዝርያ ለምን አስተረፍሻት?»

የተረፈችው በባለቤታቸው በእትዬ ባትማ፣ በአገሩ አጠራር በባትማ ኤጄ፣ ስም የተሰየመችው ነበረች። ባትማ ኤጄ በየሰርጉ «በስሜ ጥንዚዛ አለ፤ በስምሽ ምን አለ?» እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ አፍ የሚያስይዙ ሴት ናቸው።

«ለኤጄ ብዬ ነው» አለች ሳይካል።

«ይሉኝታ ሆዷ ላይ ፀጉር ያበቅላል? እሷም ያችው ናት። ሰርዢያትና እፈርማለሁ።»

ሰረዘች። ፈረሙ።

«ለኤጄ ማን ይነግራቸዋል?»

ተራራውን ሁሉ የከፋፈሉት ሰው ፊታቸው አመድ መሰለ። «አንቺ» አሉ። «እኔ ከኋላሽ እቆማለሁ።»

በአጋይ ቤት ለምርቃቷ በግ ታርዶ ነበር። ባትማ ኤጄ ሥጋውን በየማዕረጉ ሊያድሉ ቢላዋ እንደያዙ ሳይካል ነገረቻቸው።

«ታዲያ እኔም እንደ ሌሎቹ ነኝ?»

«ጥንዚዛዋ ናት እንጂ አንቺማ…» አሉ አጋይ ከሳይካል ጀርባ።

«አንተ ዝም በል!»

ባትማ ኤጄ በገበታው ለተከበረች ሴት ብቻ የሚቀርበውን የወገብ ሥጋ አነሡና ሳይካል ፊት ዱብ አደረጉት።

«እሱ ዕድሜ ልኬን ሲሸነግለኝ ኖረ፤ አንቺ ፊት ለፊት ነገርሽኝ። ብዪ፣ ልጄ።»

ለክቡር ካሲማሊ አጋይ ከማዕረጉ ሁሉ ግርጌ ያለው አንገት ደረሳቸው። ጥቂት ጋጡና ቀና አሉ።

«ቢሆንም» አሉ፣ «የናሪኑን ሸለቆ ጥንዚዛ አንድ ጊዜ እንደገና ብናየው፣ ምናልባት ሌላ…»

«ይብሉ፣ አጋይ» አለች ሳይካል፤ ከወገቡ ሥጋ የሰባውን ቆርጣ ሳህናቸው ላይ አኖረችላቸው።