የቤተሰቡ ዱላና ስፔሻሊስቱ

[ክሬግሄቨን የምትባል የስኮትላንድ የባሕር ዳር መንደር፤ የጎልፍ ሜዳው የመጨረሻ ጉድጓድ አቅራቢያ። የፈረንጆች አዲስ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ኢነስና የእህቱ ባል ዋቲ ከጠዋት ጀምሮ ሲጫወቱ ቆይተው እኩል ናቸው፤ ይቺን ጉድጓድ የወሰደ ጨዋታውን ወሰደ። ኢነስ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህርና የክለቡ የደንብ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ዝም ማለትን ካልቆጠርን የማያውቀው ነገር የለም። ዋቲ የቤት ዕቃ ሱቅ አለው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ይሉታል። የኢነስ ኳስ ከጉድጓዱ አፍ ሁለት ክንድ ርቃ ተኝታለች። የዋቲ ኳስ ገና መቶ እርምጃ ይቀራታል። ዋቲ በቀኝ እጁ አንድ ዱላ፣ በግራ እጁ ሌላ ዱላ ይዞ ቆሟል። ብዙ ቆሟል።]

ኢነስ፦ ሰውዬ፣ ምታ እንጂ! ዱላ ነው የያዝከው፣ ሻማ አይደለም!

ዋቲ፦ ልመታ ነው። እነዚህ ሁለቱ ናቸው ያስቸገሩኝ።

ኢነስ፦ ሁለቱም የክፍተት ዱላ ናቸው። ምኑ ነው ያስቸገረህ?

ዋቲ፦ እሱ ነው የገረመኝ። ዱላ ሻጩ “ቦርሳህ ውስጥ ክፍተት አለ” አለኝና አንዱን ገዛሁ። ቤት ገብቼ ሳይ ከብረት ዱላዎቼ ጋር አብሮ የመጣ ሌላ የክፍተት ዱላ ለካ ነበረኝ። አሁን ሁለት ክፍተት ሆነብኝ።

ኢነስ፦ የገዛኸው ክፍተት አይደለም! የክፍተት መድፈኛ ነው!

ዋቲ፦ መድፈኛ ከሆነ እሰየው። በጓሮዬ የድንጋይ አጥር በኩል የጎረቤት በግ የሚሾልክበት ቀዳዳ አለ።

ኢነስ፦ የበግ ክፍተት አይደለም፣ የርቀት ነው! የርቀት! ስማኝ። አጭሩ ብረትህ ኳሷን እስከዚያ ባንዲራ ያደርሳታል። የአሸዋው ዱላህ ደግሞ እዚህ ቁጥቋጦ ጋ ይጥላታል። መሃል ላይ የትኛውም ዱላ የማይደርስበት ባዶ ቦታ ይቀራል። እሱን የሚሞላው የክፍተት ዱላ ይባላል። ገባህ?

ዋቲ፦ ገባኝ። እንደ እኔና እንደ ኤልስፔት አልጋ ነው። እሷ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣ መሃሉን ውሻው ይሞላዋል።

ኢነስ፦ ስለ እህቴ አልጋ መስማት አልፈልግም!

ዋቲ፦ ትንሽ ውሻ እኮ ነው።

ኢነስ፦ [ድንገት ዓይኑ ያበራል] ቆይ ቆይ። ሁለት የክፍተት ዱላ ይዘሃል ማለት ቦርሳህ ውስጥ ከአሥራ አራት በላይ አለ ማለት ነው። ከአሥራ አራት በላይ መያዝ ያስቀጣል! ለእህቴ ባል ብዬ አላልፍም፣ ደንብ ደንብ ነው! [ሮጦ ሄዶ የዋቲን ቦርሳ ይበረብራል] አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ይሄ ጃንጥላ ነው... አራት...

ዋቲ፦ ትልቁን ዱላ ቤት ትቼዋለሁ። በሱ የመታኋት ኳስ ሁሉ ባሕር ነው የምትገባው። ዓሣዎቹ እንኳ ሰልችቷቸዋል።

ኢነስ፦ [ቆጥሮ ይጨርሳል፤ ፊቱ ይጠቁራል] ልክ አሥራ አራት። እሺ። ደህና። ታዲያ ምን ይገትርሃል?

ዋቲ፦ ግራ ገብቶኝ ነው።

ኢነስ፦ ግራ ከገባህ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው አጠገብህ ቆሜ!

ዋቲ፦ አይ፣ አልጠይቅም። አንተን ማድከም ነው።

ኢነስ፦ ኩራት! ኩራት ነው የሚገልህ! ሳትጠይቀኝም እነግርሃለሁ። በቀኝህ ያለው የቤተሰቡ ነው። ከሌሎቹ ብረቶችህ ጋር አንድ እናት ነች የወለደቻቸው። ፊቱ፣ አንገቱ፣ ክብደቱ የወንድሞቹ ነው። በግራህ ያለው ግን ለብቻው የተሠራ ነው፤ ስፔሻሊስት ነው።

ዋቲ፦ ስፔሻሊስት! ወይ ጉድ! ለጉልበቴ ስፔሻሊስት እንዲያየኝ ከበጋ ጀምሮ ቀጠሮ እጠብቃለሁ፤ እሱ እዚህ ቦርሳ ውስጥ ተኝቷል!

ኢነስ፦ የሐኪም አይደለም፣ የዱላ! ሌላው ሁሉን የሚሠራ ነው፤ ይሄ ደግሞ ለስስ ሥራ ነው። ለግማሽ ምት፣ ለሩብ ምት፣ ለአሸዋ ዳር። ጀርባውን ገልብጠህ እየው፣ ምን ይላል?

ዋቲ፦ [ያነባል] ሃምሳ ሁለት።

ኢነስ፦ ሃምሳ ሁለት ዲግሪ ነው ማለት ነው።

ዋቲ፦ [ኮፍያውን አውልቆ ለዱላው እጅ ይነሳል] ሃምሳ ሁለት! እኔ አንዷን ዲግሪ ለማግኘት ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንተም ያለህ አንድ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ አፍህ አልተከደነም። ይሄ ሃምሳ ሁለት ዲግሪ ይዞ ዝም ብሏል!

ኢነስ፦ የመዘንበል ዲግሪ ነው፣ አንተ ደንቆሮ! ፊቱ ምን ያህል ወደ ሰማይ እንደሚያይ! ስፔሻሊስቱ ፊቱን ብትከፍተው ይከፈትልሃል። የቤተሰቡ ግን ፊቱን ክፈት ብትለው አይወድም።

ዋቲ፦ የእናንተ ቤተሰብ ፊት እንደማይፈታ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።

[ከኋላ ተራ የሚጠብቁ ተጫዋቾች ያፏጫሉ። አንዱ “እዚሁ ልትከርሙ ነው?” ብሎ ይጮኻል። ኢነስ በእጁ ዝም ያሰኛቸዋል፤ ክፍል ውስጥ የገባ ይመስለዋል።]

ኢነስ፦ እንዲህ ስትቀልድ ነው አክስት ኤፊ ዘንድሮም አንተ ቤት የምትገባው። የተሸነፈ ይቀበላታል ተባብለናል። ውል ውል ነው።

ዋቲ፦ ስሟን አታንሳብኝ። አምና አዲስ ዓመት ዋዜማ ያለኝን ውስኪ አንድ ሳታስቀር ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው።

ኢነስ፦ ሃይማኖተኛ ሴት ናት።

ዋቲ፦ የግድግዳው ሰዓት ሆድ ውስጥ ደበቅሁ፣ አገኘችው። ቦት ጫማ ውስጥ ደበቅሁ፣ አገኘችው። የሙቅ ውኃ ላስቲክ ውስጥ ሞልቼ አልጋ ውስጥ ብከተው፣ እግሬን ላሙቅበት ብላ ወሰደችው። እኩለ ሌሊት ላይ ጎረቤቴ እንደ አገሩ ወግ ከሰሉን ይዞ፣ ዓመቱ ይባረክ ብሎ ደጄን ሲረግጥ፣ በውስኪው ፈንታ የገብስ ውኃ ቀድታ ሰጠችው። “ሁለቱም ከገብስ ነው” አለችው። ሰውየው እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

ኢነስ፦ [ይስቃል፤ ሆዱን ይይዛል] የገብስ ውኃ! ዘንድሮም ትጠጣታለህ! ኳሴን አየሃት? ዓይነ ስውር እንኳ በእግሩ ይከታታል!

ዋቲ፦ አየኋት። እንግዲህ ቁርጤን ላውቅ ነው። [የቤተሰቡን ዱላ ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ስፔሻሊስቱን ይይዛል] ይሄው፣ በዚህ እመታለሁ።

ኢነስ፦ [ፊቱን ያዞራል] ምን አገባኝ።

ዋቲ፦ በሙሉ ጉልበቴ ነው የምመታው።

ኢነስ፦ [ከንፈሩን ይነክሳል] ምታ። ነፃ አገር ነው።

ዋቲ፦ ጥርሴን ነክሼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ...

ኢነስ፦ ኧረ ስፔሻሊስት በሙሉ ጉልበት አይመታም! ወደ ላይ ትወጣና፣ እየተሽከረከረች፣ ይሄ ንፋስ ሲያገኛት ተመልሳ እግርህ ሥር ነው የምትወድቀው!

ዋቲ፦ ብትመለስ ደስታውን አልችለውም። እስከ ዛሬ የመታኋት ኳስ ተመልሳልኝ አታውቅም።

ኢነስ፦ የመድኃኔ ዓለም ያለህ!

ዋቲ፦ አትቆጣ። እሺ፣ ይሄ ይቅር። [ይለዋውጣል] የቤተሰቡን ይዣለሁ። ግን ቀስ አድርጌ ነው። ፊቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ኳሷን ነካ፣ እንደ እንቁላል።

ኢነስ፦ ምን ብዬህ ነበር! የቤተሰቡ ፊቱ አይከፈትም! ታቹ ስስ ነው፣ ከፍተህ ነካ ስታደርገው ጠርዙ መሬት ውስጥ ይሰምጣል! ድንች ነው የምታወጣው!

ዋቲ፦ ድንች ለበዓሉ አይጠላም።

ኢነስ፦ [ለሰማዩ] ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ያለ ሰው ይሄን ሰውዬ ያውቀው ነበር!

ዋቲ፦ አንተ አትናደድ እንጂ መላ አላጣም። [ሁለቱንም ዱላ አንድ ላይ አጣምሮ በሁለት እጁ ይጨብጣል] ሁለቱንም አብሬ ልመታባት ነው። አንዱ ቢስት አንዱ አይስትም።

[ኋላ ያሉት ተጫዋቾች በሳቅ ይወድቃሉ። ኢነስ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ይፈጠፍጣል። ንፋሱ ኮፍያዋን ይወስዳታል። እሱ አላያትም።]

ኢነስ፦ በቃ! አልችልም! ሰው እንዴት እያየ ዝም ይላል! ስፔሻሊስቱን ጣለው! የቤተሰቡን ያዝ! የቤተሰቡን! ሙሉ ምት ነው፣ ርቀቱ የሱ ነው! ከኳሷ ትንሽ ራቅ በል፣ ፊቱን አትንካው፣ ረጋ ብለህ እስከ ትከሻህ አንሳና ልቀቀው! አራት ነጥብ!

ዋቲ፦ የቤተሰቡን።

ኢነስ፦ በቤተሰቡ ዱላ ምታ! ሕፃን እንኳ ያውቀዋል!

[ዋቲ ይራመዳል። ሁለቱንም ዱላዎች በቀስታ ጠርጎ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ጓንቱን ያወልቃል። ፈገግ ብሎ ቀኝ እጁን ለኢነስ ይዘረጋል።]

ኢነስ፦ ምን መሆንህ ነው? እጅ ሰጠህ?

ዋቲ፦ እጄን ሰጠሁህ እንጂ እጅ አልሰጠሁም። ጥሩ ጨዋታ ነበር።

ኢነስ፦ ገና መች መታህ!

ዋቲ፦ መምታት ቀረ። በየትኛው ዱላ እንደምመታ ባላጋራዬ ነገረኝ። ጨዋታ ላይ ባላጋራን መምከር ክልክል ነው፤ የመከረ ይቀጣል።

ኢነስ፦ [ይስቃል፣ ሳቁ መሃል ላይ ይቀራል] አንተ... አንተ ነህ የጠየቅኸኝ! ምክር መጠየቅም እኮ ክልክል ነው!

ዋቲ፦ ልክ ነህ፣ እሱም ክልክል ነው። ለዚህ ነው ከጠዋት ጀምሮ ምላሴን ነክሼ የዋልኩት። አንድም ጥያቄ ከአፌ አልወጣም።

ኢነስ፦ ግራ ገባኝ ብለሃል!

ዋቲ፦ ብያለሁ። ግራ መጋባት አይከለከልም። ቢከለከል እኔ ገና ድሮ ከክለቡ እባረር ነበር።

ኢነስ፦ በየትኛው ልምታ አላልክም?

ዋቲ፦ አላልኩም። እንዲያውም “ጠይቀኝ” ስትለኝ እምቢ ብያለሁ። እነዚያ ኋላ የቆሙት ሁሉ ሰምተዋል።

[ከኋላ “ሰምተናል!” የሚል ድምፅ ይመጣል። ኢነስ የተባባሉትን ሁሉ በልቡ እየመለሰ ይመረምራል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንዲት የጥያቄ ምልክት ይፈልጋል፤ የለችም።]

ኢነስ፦ ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ።

ዋቲ፦ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ግን አይዞህ፣ ይሄን ያህል አትደንግጥ። ቅጣቱ ቀላል ነው፤ አንዲት ምት ናት መሰለኝ የምትጨመርብህ። ኳስህ አፉ ላይ ስለሆነች...

ኢነስ፦ አንዲት ምት?! ማነው አንዲት ምት ያለህ! ሰው ለሰው ጨዋታ ላይ ባላጋራውን የመከረ ጉድጓዱን እንዳለ ነው የሚያጣው! እንዳለ! ይሄን የማያውቅ ሰው ዱላ መያዝ የለበ...

[ዝም ይላል። ከተወለደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ባሕሩ ይሰማል።]

ዋቲ፦ እንዳለ ነው ለካ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔስ እርግጠኛ አልነበርኩም። ጨዋታው አለቀ ማለት ነው።

[ኋላ ያሉት ያጨበጭባሉ። ኢነስ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ የተኛችውን ኳሱን ያያታል። እሷም ዝም ብላ ታየዋለች።]

ኢነስ፦ [በቀጭን ድምፅ] የአክስት ኤፊ ባቡር መቼ ነው የሚገባው?

ዋቲ፦ ነገ ከምሳ በፊት። ጣቢያው ድረስ ሄደህ ሻንጣዋን ተቀበላት፤ የገብስ ከረጢቱ ይከብዳል።

ኢነስ፦ [ዙሪያውን ቃኝቶ ጠጋ ይላል፤ ድምፁን ይቀንሳል] ዋቲዬ።

ዋቲ፦ አቤት።

ኢነስ፦ አሁን ጨዋታው ስላለቀ... ምክር መጠየቅ ይፈቀዳል አይደል?

ዋቲ፦ እንደ ልብ።

ኢነስ፦ አንተ ከኔ የተሻለ ታውቃታለህ። ውስኪዬን የት ልደብቀው?

ዋቲ፦ እኔ ቤት።